ሃርዲያል ሲንግ በልጃቸው መዳፍ ያኖሩት ሐልዋ

ጣፋጭ ሠሪው ሃርዲያል ሲንግ ከአባታቸው ከናጊንደር ሲንግና ከእናታቸው ከቻናን ኮር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1961 በፑንጃብ፣ ባታላ ከተማ ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው ከአባታቸው ጣፋጭ ቤት ገቡ። የቤቱ ደንብ ሠሪው ያልቀመሰው ለገበያ እንዳይወጣ ነበር። እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀን ሃያ ጊዜ ቀመሱ፤ ቀመስኩ የሚሉት አንዳንዴ ሙሉ ሳህን ነበር። በ1989 ራጅዊንደር ኮርን አግብተው አንዲት ልጃቸውን ስምራንን ወለዱ።

በ2013 ክብደታቸው መቶ አርባ ሁለት ኪሎ በደረሰ ጊዜ ከውፍረቱ የተነሳ ጉበታቸው ጠባሳ እንደያዘ ተነገራቸው። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቀውን ሰው ሰፈሩ «ተደብቆ ነው የሚጠጣው» እያለ አማቸው። ከበሽታው ይልቅ ይህ አንገበገባቸው፤ እኛም ቤተሰቦቻቸው እስከ ዛሬ ቂሙ አልወጣልንም።

የመጀመሪያው ሐኪም ካልከሱ ጉበታቸው እንደማይቆይ ነግረዋቸው፣ በቢላ ግን አልነካቸውም አሉ። የሉዲያና ከተማዋ ሐኪም ግን ጨጓራቸውን ቆርጠው ሊያሳንሱ ተስማሙ፤ ሆኖም በታመመው ጉበት ዙሪያ ያበጠ ደም ሥር ቢፈነዳ ከአልጋው ሳይነሱ ሊቀሩ እንደሚችሉ አልሸሸጉም። ባለቤታቸው «የስምራን አባት፣ በገዛ እግርዎ ወደ ቢላ አይሂዱ» ብለው ለመኑ።

እሳቸውም «ሞት ቁጭ ብዬ ብጠብቀውም ይመጣል። እኔ ስምራንን መዳር አለብኝ» ብለው ፈረሙ። አራት ሰዓት ደጅ ስንጠብቅ ዓይን ለዓይን የተያየ ሰው አልነበረም።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን፣ ገና ፈሳሽ ብቻ ታዘው ሳለ፣ ለምስጋና ወደ ሲኮች ቤተ ጸሎት ወደ ጉርድዋራ ሄደው ጸለዩ። ከጸሎት በኋላ የሚታደለውን፣ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የሚሠራውን ትኩስ ሐልዋ እምቢ ማለት ነውር ነውና በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዋጡት። ሰዓት ሳይሞላ እያስመለሳቸው ሆስፒታል ተመለሱ። ስድስት ቀን ሙሉ ይተርፋሉ ያለን ሰው አልነበረም።

ሲነቁ ስምራን «አባባ፣ መቀበሉን እርስዎ ይቀበሉ፤ መብላቱን ለእኔ ይተዉት» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሐልዋውን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ በመዳፏ ያኖሩ ነበር። በሱቁም መቅመሱን ለእሷ አስረከቡ። ሃምሳ ኪሎ ቀንሰው፣ በ2018 እንዳሉት ዳሯት።

ባለፈው ዓመት በጉበታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2023 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል።

ዛሬ በጉርድዋራ ለነፍሳቸው ከሚደረገው ጸሎት በኋላ ሐልዋው ሲታደል ስምራን ሁለት ጊዜ እጇን ትዘረጋለች፤ አንዱ የእሳቸው ነው። አዳዩ እንዳይከለክላት አደራ እንላለን። አምላካችን ዋሄጉሩ ነፍሳቸውን ከእግሩ ሥር ያሳርፍ።