ሆዱ ስኳር ባለመቻሉ ስለተሸለመው ወንድሜ

ለክቡር የአውራጃችን «ቀላል ሰፈር» የጤና ዘመቻ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በረዶው ከወሽመጣችን አፍ እየተሰባበረ መውጣት በጀመረበት በዚህ ወቅት ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የቀጠነ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ በሰሜኑ በረዶ ዳር ያለችው የኢኪናሊክ ሰፈር ሰዎች ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውም ቢሆን አምና በላኩልን በራሪ ወረቀት መሠረት ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተረድቶ በጸጥታ ይኖራል።

ጸሐፊዋ ታቢታ እባላለሁ፤ የሳኬዎስና የቦላታ ታላቅ እኅት ነኝ። ሳኬዎስን እንኳ ያውቁታል፤ ፎቶግራፉ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ተሰቅሏል። ቦላታን ግን ስለማስታወስዎ እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ሳቀርብ እግረ መንገዴን አስተዋውቅዎታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሽልማቱ። አምና በፀደይ በጀልባ መጥተው፣ ሰፈሩን በሙሉ አዳራሽ ሰብስበው፣ ሽማግሌ ከባልቴት ሳይለዩ በሕዝብ ፊት ስለመዘኑን እግዜር ይስጥልን። ከዚያ በፊት የጎረቤቶቻችንን ክብደት የምናማው በግምት ብቻ ነበር። ወንድሜ ሳኬዎስ ከእኩዮቹ ሁሉ ቀጭን ሆኖ ሲገኝ «የሰፈሩ አርአያ» ብለው ሾሙት። ለክብሩ የተጋገረውን ኬክ ቆርሰው ሲዘረጉለትና እሱም እጁን ወደ ኋላ ሲሰበስብ፣ ድምፅዎ በደስታ እየተንቀጠቀጠ «ተመልከቱ! ቆራጥነት ማለት ይህ ነው!» ብለው አስጨበጨቡን። እኔም አጨበጨብኩ። ወንድሜ ወደ መቀመጫው ሲመለስ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«እታለም፣ ምን ቆራጥነት አለ፣ ሆዴን ፈርቼ ነው እንጂ! ያንን ኬክ ብቀምሰው ኖሮ አዳራሹን ለቃችሁ ትወጡ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሳኬዎስ ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር ከቀመሰ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያም ያስሮጠዋል። ሌላ ሩጫ አያውቅም። ከበረዶው ባሕር የምናድነውን የአቆስጣ ሥጋ ከነጮማው እስኪጠግብ በልቶ ሶፋው ላይ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ ፎቶግራፉ ሥር «በየቀኑ ይንቀሳቀሳል» ተብሎ የተጻፈውን ሲያነብ እሱ ራሱ «ይሄ ማነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ያን ዕለት ከሳኬዎስ ቀጥላ የተመዘነችው ታናሽ እኅታችን ቦላታ ነበረች። በወሽመጣችን ከእሷ የተሻለ ጀልባ የሚቀዝፍም ሆነ መሪ የሚይዝ አልነበረም፤ በረዶ መካከል ጠፍቶ የቀረ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሷ በር ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ወፍራ፣ እየደከማት፣ ውኃም አልጠግብ ብላ ነበር። ይህንኑ ነገረችዎት። ጠዋት በባዶ ሆዷ የተወሰደው ደም ውጤት በእጅዎ ስለነበር ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «ደምሽ ንጹሕ ነው። የጎደለሽ ፈቃድ ብቻ ነው። አፍሽን ሰብስቢ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺ፤ ከወንድምሽ ተማሪ!» አሏት። አዳራሹ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቤቷ ድረስ አልዘለቀም።

ሦስተኛ፣ ስለ በራሪ ወረቀቱ። ጮማ ጠላት፣ አጃና ዳቦ ወዳጅ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ደግሞ የቅርብ ዘመድ እንደሆነ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ዘመቻዎ ከቦላታ የበለጠ ታዛዥ አላገኘም። የአቆስጣውን ሥጋና እንደ ሥጋ የምንበላውን የዓሣ ነባሪ ቆዳ ለሳኬዎስ አስረከበች፤ አርአያውም ሳያንገራግር በላላት። እሷ ጠዋት ማታ አጃ በጭማቂ ስትበላ ከረመች። ጥማቷ ግን ባሰባት፣ እግሯም መደንዘዝ ጀመረ።

«የምበላው ነገር የት እንደሚገባ እንጃ፣ ታቢታ። ጉልበት አይሆነኝም» አለችኝ አንድ ቀን።

«ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ!»

«ሄጄ ምን ልባል? ሰነፍ መሆኔን ለመስማት እዚያ ድረስ ምን አስኬደኝ? እኔው ለራሴ እነግረዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከቤቷ መውጣት ቀነሰች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከኋላ ገብታ ከሁሉ ቀድማ ትወጣ ጀመር።

ክቡር ሆይ፣ አራተኛ ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የቀረው ነገር በቁጥር አልገባ ብሎኛል። በመከር ወቅት ሦስታችን ዓሣ አጥምደን እየተመለስን፣ መሪውን ይዛ የነበረችው ቦላታ ነበረች። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩም የተኛ ነበር። በድንገት ጀልባዋ ከአንድ የበረዶ ቋጥኝ ጋር ተላትማ ሁላችንንም ወደ ፊት ደፋችን።

«ምን ነካሽ? ፊት ለፊትሽ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ ሳኬዎስ።

ቦላታ መሪውን ሳትለቅ ዓይኗን በእጅጌዋ አሸት አደረገች። «አላየሁትም» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ አይደል እንዴ?»

ጭጋግ አልነበረም። እኔና ሳኬዎስ ተያየን። ውኃው ወደ ጀልባዋ መግባት ሲጀምር ወንድሜ በባልዲ እየጨለፈ ሲያፈስ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንባሩ ላብ ሲንጠፈጠፍ አየሁ። እንደምንም ሰፈራችን ደረስን።

በዚያው ሰሞን በመርከብ የምትዘዋወረው ሐኪም ዶክተር ኒኮሊኔ መጣች። ቦላታን እየጎተትን ወሰድናት። ሐኪሟ ስለ ፈቃድ ምንም አልጠየቀችም። በባዶ ሆዷ ደሟን ወሰደች፤ እንደ ልማዱ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ጣፋጭ ውኃ አጠጥታ፣ ጠብቃ፣ እንደገና ለካቻት። በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩ እንደ ደነገጠ ወፍ ሽቅብ በረረ።

«ስኳር በሽታ ነው፤ ዓይንሽንም የጎዳው እሱ ነው» አለቻት ዶክተሯ። «ከእናትሽም ከአባትሽም የወረስሽው ዘረ መል አለ። ከምግብ በኋላ ስኳሩ ከደምሽ ወጥቶ ጡንቻሽ ውስጥ እንዳይገባ በሩን ያጠብበታል። በባዶ ሆድ ሲታይ ግን አይታወቅም። በእኛ ሕዝብ ዘንድ ብዙ ሰው አለበት።»

«ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?» አለች ቦላታ።

«እሱን እንኳ አላውቅም። ስንፍናን የሚለካ መሣሪያ አልሰጡኝም።»

እኅቴ ከብዙ ወራት በኋላ ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋም ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ሳኬዎስ የሚያደርገው ቢጠፋው የራሱን ሆድ ታሪክ ማውራት ጀመረ፤ እሱም የተወረሰ ሆኖ ተገኘ። አንጀቱ ስኳር የሚፈጭበትን ነገር ስለማይሠራ፣ ስኳሩ እንደገባ ይወጣል፤ ቅጥነቱም ከዚያ ይመጣል። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ድስት፤ ዕጣው ግን ለየብቻ። ዶክተሯ ዘር ሁሉን እንደማይወስን፣ ምግብና እንቅስቃሴም ድርሻ እንዳላቸው ነግራን፣ ለቦላታ መድኃኒት አዘዘችላትና ጭማቂውን ትታ ወደ ዓሣውና ወደ አቆስጣው እንድትመለስ መከረቻት። ሳኬዎስ በዚህ ጥቂት አዘነ።

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ስለ ቆራጥነት ንግግር እንዲያደርግ ጎረቤት ሰፈር ድረስ የጋበዙት ወንድሜ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ እንዲህ አለ፦

«ጎበዝ፣ እኔ ቆራጥ አይደለሁም። ስኳር ከበላሁ መፀዳጃ ቤት የምደርሰው በጸሎት ነው። ቆራጥ ማየት የሚፈልግ እኅቴን ይይ፤ የማይስማማትን ምግብ በትእዛዝ ስትበላ የከረመች እሷ ናት። በዓይኗ ዋጋ የከፈለችውም እሷ ናት።»

ድምፅ ማጉያውን ወዲያው ስላስጠፉት እናመሰግናለን፤ ወንድሜ ያለ እሱ ይበልጥ እንደሚሰማ የታወቀው ያኔ ነው።

ዛሬ የቦላታ አንድ ዓይን በከፊል ተመልሷል፤ ሌላኛው አልተመለሰም። ድካሙና ጥማቱ ለቋታል። የጀልባዋን መሪ የያዘው ሳኬዎስ ሲሆን፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን ከትዝታዋ ትነግረዋለች። «ወደ ግራ በል፣ አንተ ደንቆሮ!» «ግራ ነው እኮ የያዝኩት!» «የኔን ግራ አይደለም፣ የባሕሩን ግራ!» እየተባባሉ ይሄዳሉ። አንዳንዴ ቦላታ ፊቷን ወደ ክፍቱ ባሕር ታዞራለች። ያኔ ሳኬዎስ ጀልባዋን ቀስ ያደርጋታል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በሚቀጥለው ዘመቻ ሰውን ከመመዘንዎ በፊት፣ ደሙን በባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን ምግብ ካበሉት በኋላም እንዲያዩለት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ትከሻን መታ የማድረግ ችሎታዎን ዘወትር የማደንቅ፣ ታዛዥዎ ለመሆን ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣

ታቢታ፣ ከኢኪናሊክ

ማሳሰቢያ፦ እናትዎ የዚሁ የኛ ወሽመጥ ልጅ እንደነበሩ ሽማግሌዎች አጫውተውኛል። ዶክተር ኒኮሊኔ በሚቀጥለው ወር ትመለሳለችና ለእርስዎም ተራ አስይዘንልዎታል። እባክዎ በልተው ይምጡ።