ለግብር የተፈታ ትዳር

ወ/ሮ ሮማነወርቅ እርሳሳቸውን እየቀረጹ ሳለ ነበር የእነ አቶ ጀማለዲን ፋይል ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጠው። ውሳኔን ሁሉ በቅድሚያ በእርሳስ መጻፍ ልማዳቸው ነበር።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ሀብተወልድ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተወልድ ኤጀታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኢፍቱ ኢዶሳ ኅዳር 12 ቀን 1935 ዓ.ም. በእንጦጦ ተወለዱ። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1955 ዓ.ም. በየካ አካባቢ በአንድ የግብር ቢሮ ተቀጠሩ። በ1958 ዓ.ም. ከአቶ አካሉ ወልደ ኢየሱስ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ1970 ዓ.ም. ቢሮው ለባልና ሚስት ሁለት የንግድ ፈቃድ አይቀበልም ነበር። ጨርቅ ሻጩ አቶ ጀማለዲንና ቅመም ሻጯ ባለቤታቸው ወ/ሮ ከይሪያ በሽማግሌ ፊት መፋታታቸውን የሚገልጽ ወረቀት አስገቡ። ፍቺው ሐሰት ከሆነ ቅጣቱ እስር ነበር። እንዲያጣሩ የታዘዙት ወ/ሮ ሮማነወርቅ ነበሩ።

ቤታቸው ሲሄዱ ሁለቱንም በአንድ ግቢ አገኟቸው። አቶ ጀማለዲን ግን የሚያድሩት ጓሮ ክፍል ነበር።

ወ/ሮ ከይሪያ አለቀሱ። «እትዬ፣ ለወረቀት ብለን ነበር። ሼሁ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል፣ ፍቺው ፍቺ ነው አሉን። በሃይማኖታችን ባል ሚስቱን መመለስ የሚችልበት የመጠበቂያ ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ቀረው። ካልመለሰኝ ትዳሬ ፈረሰ፤ ከመለሰኝ እናንተ ታስሩናላችሁ።»

ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ «እንግዲያው አልዋሻችሁማ!» አሉ።

አቶ ጀማለዲን በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹን ጠርተው ባለቤታቸውን መለሱ፤ ከሁለቱ የንግድ ፈቃዶችም አንዱን ለቢሮው አስረከቡ። በማግስቱ ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ «በእውነት ተፋትተው ነበር፤ ታርቀዋል፤ አንዱን ፈቃድ መልሰዋል» ብለው በእርሳስ ጻፉ።

አለቃቸው ጮኹ። «ጓድ ሮማነወርቅ፣ ይህን ቢሮ የሚመራው ሼሁ ነው እንዴ? አጥፊው!»

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ላጲሱን አላነሱም። የጻፉትን በቀለም ደገሙበትና ፈረሙ። እታሰራለሁ ብለው አሥራ አንድ ቀን ሹራብና የጥርስ ብሩሽ በቦርሳቸው ይዘው ሥራ ገቡ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ ባልና ሚስቱን የጠራቸው አልነበረም። ይህ እንዲነበብ የጠየቁት ዛሬ በመካከላችን የተቀመጡት ወ/ሮ ከይሪያ ናቸው።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 20 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ቀጀላንና ዘርትሁንን ትተዋል። እውነቱን አይቶ የሚፈርድ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልን።

ባረፉበት ቀን ጠዋት ወ/ሮ ሮማነወርቅ ልጃቸው ዘርትሁን ለፈተና የሚይዘውን እርሳስ ቀርጸው፣ ጫፉን በጣታቸው ፈትሸው፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጡት።