ሶፊ መድረክ ላይ አትቆምም

ገሱባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚርያም፣ ጂንካ

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ እዮኤል፣ ልጅሽ ሶፊ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ቤተ ክርስቲያን አድርሶ ይመልሰኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። የጓሮው ቦይና ዘንድሮ ጥሩ ሥር ይዟል። ይህን የምትጽፍልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ብሩክታይት ናት። ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ፤ እኔ በምን አውቃለሁ። እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ዘግተሽብኝ ታውቂያለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተልእኮ ኮሚቴው ሰብሳቢ መልካሙ ማክሰኞ ቤቴ መጣ። በጥር ለጂንካው አገልግሎታችሁ ድጋፍ ለማሰባሰብ ሶዶን፣ ቦዲቲን፣ ገሱባን እንደምትዞሩ ነገረኝ። «ልጄ ግን መድረክ ላይ አትወጣም፤ አትዘምርም፣ አትመሰክርም» ብለሽ ጽፈሽላቸዋል።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ ይምከሯት እንጂ» አለኝ። «ባልና ሚስት ቆመው ሪፖርት ሲያነቡ ሕዝቡ ያንቀላፋል። ትንሽ ልጅ በዚያ አገር ቋንቋ አንድ መዝሙር ብትዘምር ግን፣ ዶሮ የሌለው ሰው ተበድሮም ቢሆን ዶሮ ይዞ ይመጣል።»

«የራስህን ልጅ አቁማት» አልኩት።

«የኔዋ ምን ብላ ታስለቅስ? ሶዶ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ «ያኔ እርስዎ ሚርያምን ይዘው ሲዞሩ እኮ፣ እስከ ዛሬ ይወራል» አለ። ደብዳቤ እንድጽፍልሽ ቃል አስገብቶኝ ሄደ። ይኸው እያጻፍኩ ነው።

ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር። ወንድምሽን ጦናን ለስብከት በወረድንበት ቆላ ቀብረን ከመጣን ሁለት ወር አልሞላንም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናትሽ እያነበበችልኝ በቃሌ ይዤ ነበር የምሰብከው። ሪፖርት ማንበብ አልችልም፣ አልችልም ማለት ደግሞ አልወድም። ስለዚህ አንቺን አቆምኩሽ። «ወንድሜ ሲታመም መኪና ፈልገን አጣን፤ እየዘመረ ወደ ጌታ ሄደ» በይ አልኩሽ። ቦዲቲ ላይ እንደዚያ ስትዪ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ከአምልኮ በኋላ ደጁ ላይ የመጣው ስጦታ ጨረታ ወጣ። አንዲት ዶሮ፣ የገዛት ሁሉ መልሶ እየሰጣት፣ አራት ጊዜ ተሸጠች። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብለሽ ጻፊ፣ ብሩክታይት።

ወደ ሶዶ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «አባ፣ መኪናው ግን ነበረ» አልሽኝ።

«ዝም በይ። የተባልሽውን ተናገሪ» አልኩሽ።

መኪናው ነበረ።

እዚህ ላይ ብሩክታይት እስክሪብቶዋን አነሣችና «ጋሼ፣ ይሄም ይጻፍ?» አለችኝ። ይጻፍ።

የከብት ነጋዴው መኪና ነው። ያ ሰውዬ ከሁለት ቀን በፊት ገበያ መሃል «ሰባኪው፣ የሰውን በሽተኛ እጸልያለሁ እያልክ ትዞራለህ፣ የራስህ ልጅ በወባ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ሰው አስቆብኛል። በሦስተኛው ቀን ከብቱን ጭኖ ሲሄድ ግን ደጃችን ላይ ቆመ። «ጫነው፣ ሆስፒታል አደርሰዋለሁ። ቀልዴን ተወው» አለኝ። ገበያው ላይ የሳቁብኝ ሰዎች ከላይ ተሳፍረው ያዩኛል። «ሂድ፣ አንተን አልለምንም» አልኩት። ለምነኝ አላለኝም እኮ! አንቺ የበሩን ቋሚ ይዘሽ ቆመሽ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጦና ሞተ። መዝሙር የሚባል ነገር አልነበረም። ውሃ ነው የጠየቀው።

ከዚያ ገሱባ ደረስን፣ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን። መድረክ ላይ ወጥተሽ ዝም አልሽ። ሕዝቡ ይጠብቃል፣ እኔ ላቤ ይወርዳል። ከኋላሽ ቆሜ ማጅራትሽን ቆነጠጥኩሽ። አለቀስሽ። ሕዝቡ ለወንድሟ ነው ብሎ አብሮሽ አለቀሰ። መልካሙ እስከ ዛሬ ይወራል የሚለኝ ያንን ቀን ነው።

ትናንት መልካሙ ቤት ሄድኩ። «ሶፊ አትቆምም» አልኩት።

«ታዲያ ማን ይቁም?»

«እኔ።»

«ምን ሊሉ?»

«መኪና ነበረ ልል።» ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ሕዝቡ ቢቀየም ልጅዎ ባዶ እጇን መመለሷ አይደል?» አለኝ። አስቤበታለሁ። ገሱባን የመጨረሻ አድርጉት። ሶዶንና ቦዲቲን ዙሩና ጨርሱ፤ እኔ የምናገረው እዚህ ብቻ ነው። ሰው ቢከፋውና እጁን ቢሰበስብ ወይፈኔን እሰጣችኋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቴንም ይውሰዱት፤ ስብሰባው ረጅም ነው፣ ወገቤን ያመኛል። አንቺ ያን ቀን መግባት ካልፈለግሽ ውጭ ቆይ። ሶፊን ግን ውጭ አቆዪያት፤ ከኔ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። ስታድግ አንቺ ትነግሪያታለሽ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። መኪናው ሲቆም እናትሽ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፤ አላየችም። መኪና ጠፍቶ ነው ልጄ የሞተው እንዳለች፣ የዛሬ አራት ዓመት አረፈች። እኔ አልነገርኳትም። አንቺም አልነገርሻትም። ከኔ ተጣልተሽ ቤቱን ጥለሽ ስትወጪ፣ እሷ መንገድ ድረስ ተከትላሽ «አባትሽ ምን አደረገሽ?» እያለች ስትለምንሽ እንኳ አልነገርሻትም። ከበሩ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። ለኔ ብለሽ ይሁን ለእሷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄሽ አላውቅም።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና። ሶፊን ከቆላ በሽታ ይሰውርልሽ፤ እዮኤልንም ለልጁ ያቆይለት።

አባትሽ ኤርካሎ ዳና
(ፊርማ የለኝም፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜበታለሁ።)