በቀብርሽ ዕለት የተነበበው ስህተት

ጽጌዬ፣

ከተለየሽኝ አሥር ወር ሞላ። ይህን ያህል ሳልጽፍልሽ የቆየሁት የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን አሳፍሮኝ ነው። ዛሬ እንደ ሥራዬ ልማድ፣ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ቤቱ ደህና ነው። ፊት ለፊታችን የነበረው ባዶ ቦታ ታጥሮ ፎቅ እየተሠራበት ስለሆነ ከመኝታ ቤቱ መስኮት የፉሪ ተራራ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ከበረንዳው አበቦችሽ ሁለቱ ደርቀዋል፤ ውኃ አብዝቼባቸው ነው አሉኝ። እህትሽ አልማዝ እሑድ እሑድ ከጎፋ ትመጣለች፣ ማድቤቱን አይታ ትቆጣኛለች፣ ሠርታ አብልታኝ ትሄዳለች።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ አንድ የግል ኮሌጅ የዜና አጻጻፍ እንዳስተምር ሲጠራኝ ትዝ ይልሻል? ዕድሜዬን ሙሉ ዜና የጻፍኩ ሰው ምን ዝግጅት ያሻኛል ብዬ ነበር። አንቺ ግን ነርሶችን ስታስተምሪ የኖርሽ ነሽና አልለቀቅሽኝም። ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽኝ። ኮርሱ ሲያልቅ ልጆቹ ምን መሥራት ይችላሉ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዜና ምን እንደሆነ ያውቃሉ አልኩሽ። ሳቅሽብኝ።

«ማወቃቸውን በምን ታየዋለህ? የኔ ተማሪ ደም ግፊት ምን እንደሆነ ብትነግረኝ አላሳልፋትም። ስትለካ ማየት አለብኝ።»

የነርስ ዜና ልታስጽፊኝ ነው ብዬ ቀለድኩ። የታመመ ዜና ስንት ዓመት አንብቤልሃለሁ አልሽኝ። ከዚያ መጨረሻውን አስቀድመሽ ጻፍሽ። አራት ግቦች ነበሩ፤ ዋናው፣ ተማሪው ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ጽሑፍ ሲሰጠው እያንዳንዱን መረጃ ከሁለት ሰው ጠይቆ ማረም ይችላል የሚል ነበር። ከግቡ ፈተናውን አወጣሽ፣ ከፈተናው የየሳምንቱን ትምህርት ወደ ኋላ እየቆጠርሽ ደለደልሽ። ያን ጊዜ ደክሞሽ እንደነበር፣ በየመሀሉ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ ታርፊ እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ።

ወረቀቱን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሰጠሁት፤ አመስግኖ ፋይል ውስጥ ከተተው። እኔም ክፍል ገብቼ ትዝታዬን አወራሁ። ማተሚያ ቤት ፊደሉ አንድ በአንድ ተለቅሞ ያለቀ ገጽ እንዴት እንደፈረሰብን፣ ዋና አዘጋጁ ስልክ እንዴት እንደወረወረ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ደወሉ ይደወላል። አንቺ ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል ስመለስ የትኛው ግብ ላይ ደረሳችሁ ትይኛለሽ። ሁለተኛውን ጨርሰናል እልሻለሁ። ሆስፒታል ተኝተሽም ልጆቹ ማጣራት ጀመሩ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አዎ አልኩሽ። አልጀመሩም ነበር። የመጨረሻ ጥያቄሽ ይህ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ግን ነው።

የካቲት ላይ ፈተናው ደረሰ። ፈተና አስቀድሞ ከገባው ዕቅድ ጋር መመሳሰል አለበት ስለተባለ አንቺ ያወጣሽውን ሰጠኋቸው። ከግማሽ በላይ ወደቁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው አልኩ። እንዲህ ብያለሁ፣ ጽጌ።

ከወደቁት አንዷ ሐያት ናት። አባቷ ጎፋ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከወደቀች ትምህርቱን ትታ ሱቁ ውስጥ እንድትቆም ቀድመው ነግረዋት ነበር። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ደብተሯን ፊቴ አስቀመጠችና፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድም ቀን አልቀረሁም። የተፈተንነው የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?» አለችኝ። ገለጥኩት። ቀልዶቼ በሙሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተገልብጠዋል። የተፈተኑት ግን አንድም ገጽ ላይ የለም።

በማግስቱ ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ደግ ልጅ ነው፤ ጋሼ፣ ለሁሉም ማርክ እንጨምርላቸውና ይለፍ አለኝ። ይህማ ሁለተኛ ጊዜ ማታለል ነው አልኩት። ውጤቱ ተሰረዘና ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ አዲስ ላስተምራቸው ተስማማን። ወረቀትሽን ከፋይሉ አውጥቼ እንዳንቺው ከመጨረሻው ጀመርኩ።

ለልምምድ፣ ሊጠየቁ የሚችሉ ሰዎች ያሉበት ጽሑፍ ያስፈልገኝ ነበር። እጄ ላይ የነበረው አንድ ነው፤ በቀብርሽ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሕዝብ ፊት የተነበበው የሕይወት ታሪክሽ። በአንድ መቀመጫ የጻፍኩት፣ ማንንም ያልጠየቅኩበት። ከኔ በላይ ማን ያውቃታል ብዬ ነበር። ልጆቹ ሲያዩት ተሳቀቁ። እንዳትራሩልኝ አልኳቸው።

በሳምንቱ ስድስት ስህተት ይዘው መጡ። የተመረቅሽበትን ዓመት አሳስቻለሁ። ያሠለጠኑሽን ሴት ስም አሳስቻለሁ። ሌሎቹን እለፋቸውና የመጨረሻውን ልንገርሽ። ሕመሙ ስለጸናባት ከማረፏ ሁለት ወር በፊት ማስተማር አቆመች ብዬ ጽፌ ነበር። ሐያት ሁለት የሥራ ባልደረቦችሽንና አልማዝን ጠየቀች። አላቆምሽም። ጎፋ እህቴ ቤት አርፌ ልምጣ እያልሽ በወጣሽባቸው ጠዋቶች፣ የትምህርት ቤትሽ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ተማሪዎችሽን አንድ በአንድ እየጠራሽ ሲሠሩ ታዪ ነበር። ሳይታዩ እንዳይመረቁ። አልማዝ ታደርስሽና ትመልስሽ ነበር፤ ከሰማ ይከለክለኛል ብለሽ አስምለሻት።

ሰው እየጠየቅኩ እንጀራዬን የበላሁ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ ብዬ በደንብ አልጠየቅኩሽም። ቤቱ ጸጥ ሲል ጋዜጣዬን ዘርግቼ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለታችንም ተዋሽተናል፤ አንቺ ለማስተማር፣ እኔ ላለማስተማር።

ሐያት አልፋለች፣ አብዛኞቹም። ሁለቱ አልቻሉም፤ እንደገና ይማራሉ፣ እነሱም አልተከፉም።

ታኅሣሥ ላይ ሙት ዓመትሽ ነው። ልጆቹ ያረሙት ይነበባል። ከመነበቡ በፊት ተነሥቼ፣ በቀብሩ ዕለት የሰማችሁት ስህተት ነበረበት፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ጋዜጣ ላይ ማረሚያ የምናወጣው በትንሽ ፊደል ከገጹ ግርጌ ነበር። ይሄኛውን ቆሜ ነው የምናገረው።

ባልደረባሽ ሲስተር አስናቀች ስለ አንቺ ገና ያልሰማሁት ብዙ እንዳለ ነግራኛለች። ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። እስካለሁ ድረስ አንቺን የማስታውስሽ ለኔ እንደሚመቸኝ አድርጌ ሳይሆን፣ ሰው እየጠየቅኩ፣ እንደነበርሽ ነው። ቃሌ ነው።

ባለቤትሽ
ጌታቸው