ለአባታችን ዓይን የመረጥነው ስክሪን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአድማሱ ገብረ ማርያም፤ ጅማ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ቅድስትስ እንዴት ናት? ያ ወገቧን የሚያማት ነገር ተሻላት ወይ? ልጃችን ጽዮን ትምህርት ጀመረች? እኛ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። እናታችንም ጉልበቷ ተሽሏት ቤተ ክርስቲያን ትስማለች።

በስልክ “አባባን በመኪና አታንገላቻቸው፣ ባሉበት ይረፉ” ያልከኝን ሳልሰማህ ቀርቻለሁ። የሆነውን ሁሉ ሳታነብ ግን አትቀየመኝ።

የግራ ዓይናቸው እንደጠፋ ታውቃለህ። ከፋሲካ ወዲህ ቀኙም ደከመ። መነጽር ቢቀየርላቸውም የመጽሐፉ ፊደል እንደ ጉንዳን ይሄድባቸው ጀመር። የቅኔ ተማሪዎቻቸውንም “ሌላ መምህር ፈልጉ” ብለው ሊያሰናብቱ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቃቸው የሟቹ መምህራቸው ቅኔ ነው። ሰባው ቅኔ ያለው በእሳቸው ቃልና በዚያ ባረጀ ደብተር ብቻ ነው። እኔ በጽሕፈት ቤቴ ኮምፒዩተር ጻፍኩላቸው፤ ነገር ግን ግዕዙን አላውቀውም። እያነበብኩላቸው እንዳያርሙኝ ሠ እና ሰ በጆሮ አይለዩም። በትልቁ አትሜ ብሰጣቸውም ወረቀቱ ጨለመባቸው።

ያ ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮ ስክሪኔ ፊደሉን ቢያሳድገውም ይርገበገባል። እኔ እንኳ ስጽፍበት ስውል ዓይኔ ይቀላል። እሳቸው ሁለት መስመር ሳይጨርሱ እንባ ይሞላቸውና ግንባራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከመስኮቱ ትይዩ ስለነበረ አዞርኩት፣ ብርሃኑንም ቀነስኩት፤ ጥቂት ረዳ እንጂ አልበቃም። የዓይን ነርሷ “የማይርገበገብና ፊደሉ ትልቅ የሚሆን ፈልጊላቸው፤ አንድ ገጽ ባነበቡ ቁጥር ዓይናቸውን ያሳርፉ” አለችኝ። ብቻዬን ሄጄ መግዛት እችል ነበር። ግን በእኔ ዓይን ለእሳቸው እንዴት ልምረጥ? ስለዚህ ደብረ ታቦር ድረስ ይዣቸው ሄድኩ።

ሻጩ መጀመሪያ ትልቁን አበራልን። ፊቱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። “አባቴ፣ ለፊልም ከዚህ የሚበልጥ የለም” አላቸው። አባታችን ጎንበስ ብለው አዩና “እኔ የማየው ራሴንና በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ነው፤ ፊደሉ የታለ?” አሉት። ሁለተኛው ትንሽ ስለሆነ ፊደሉን ሳሳድገው መስመሩ ተቆራረጠ። ሦስተኛው መካከለኛ ነው፤ ፊቱ አያብረቀርቅም። ሻጩ “ይኸ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሰው አይወደውም” እያለ ቅር እያለው ከፈተው። በፍላሽ የያዝኩትን ገጽ አወጣሁ፣ ብርሃኑን ወረቀት እስኪመስል ዝቅ አደረግሁ፣ ወንበራቸውንም ክንድ ያህል አራቅኩላቸው።

አባታችን ወደ ስክሪኑ ሲያዩ ቆዩ። ይኸም አልሆነም ብዬ ፍላሹን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ። በኋላ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው “አሰለፈች፣ ፀሐይን ሌባ አደረግሻት” አሉኝ። በግዕዝ “ሠረቀ” በንጉሡ ሠ ሲጻፍ “ወጣ” ማለት ነው፤ እኔ በእሳቱ ሰ ጽፌ ፀሐይ ወጣች የሚለውን ፀሐይ ሰረቀች አድርጌው ኖሯል። ሻጩ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ወደ በሩ ዞሬ አለቀስኩ። ዓይናቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠርጉ ዐሥራ ሁለት መስመር አንብበው ነበር።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ጽሕፈት ቤቴ ይመጣሉ። ከሰባው ቅኔ አርባውን አርመናል። መብራት ሲጠፋ በቃላቸው እያሉ ይጠብቃሉ። ተማሪዎቹም አልተበተኑም። ዓይናቸው እንደ ቀድሞው እንደማይመለስ ነርሷ ነግራናለች፣ እሳቸውም ያውቁታል። ቢሆንም በየገጹ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ሲያርፉ ያየ ሰው የሚያዝኑ አይመስለውም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከእንግዲህ ለአባባ ለብቻቸው ጻፍላቸው። እስከ ዛሬ እኔ ስለማነብላቸው ሳትነግራቸው የቀረኸው ነገር ይኖር ይሆናል። ደብዳቤህን እኔ ሳላየው በስካነር አግብቼ፣ አሳድጌ፣ በሩን ዘግቼላቸው እወጣለሁ።

እናታችን ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች። አባባ አንተንም ቅድስትንም በየስማችሁ መርቀዋል። ጽዮንን በእኔ ስም እቅፍ አድርገህ ሳማት።

እህትህ አሰለፈች ገብረ ማርያም
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2003 ዓ.ም.