ቤት የገቡትን እናቶች ያልዘነጉት ሲስተር ሀጂራ ሬድዋን ኅልፈት

የደቡብ ምዕራብ የሕክምና ጥራት ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች አባሉን ሲስተር ሀጂራ ሬድዋንን በሞት ተነጥቋል። ሲስተር ሀጂራ ባደረባቸው ሕመም በጅማ ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ያረፉ ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብራቸው በተወለዱባት በቴፒ ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማውን መሪር ሐዘን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ ይገልጻል።

ሲስተር ሀጂራ በአዋላጅ ነርስነት ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. በአካባቢው በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጥራት ክፍል አስተባባሪ ሆኑ።

በ2011 ዓ.ም. ሆስፒታሉ በቀዶ ሕክምና ከወለዱ እናቶች መካከል ቁስላቸው የሚያመረቅዘው እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ይዘግብ ነበር። ሲስተር ሀጂራ ግን ቁስሉ የሚያመረቅዘው እናቶቹ ቤት ከገቡ በኋላ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት እስከ ሸኮ እና ሸዋ ቤንች ድረስ እናቶቹን አስጠየቁ፤ አንዳንዶቹንም ራሳቸው ሄደው አዩ። የተገኘው ቁጥር ሲዘገብ ከነበረው ብዙ እጥፍ ሆነ።

በግምገማው ላይ ከኃላፊዎቹ አንዱ «ይህ ከተላከ እኮ ከሁሉም መጨረሻ እንወጣለን» አሏቸው። ሲስተር ሀጂራም «እኛ ቁጥሩን ብናሳንሰው የእነሱ ቁስል አይሽርም» ሲሉ መለሱ። ሪፖርቱ እንዳለ ተላከ፤ ሆስፒታሉም ከአካባቢው ሆስፒታሎች መጨረሻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰላምታ የነፈጓቸው ባልደረቦች ነበሩ። ነገሩ ልባቸውን እንደጎዳው ለቅርብ ወዳጆቻቸው አልደበቁም፤ ሥራቸውን ግን አልተዉም።

በ2012 ዓ.ም. ከቀዶ ሐኪሙ ከዶክተር ጥበቡ ጋር መንስኤውን ሲያጣሩ፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን ከጀርም የሚያጸዳው ማምከኛ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራውን ሳይጨርስ እንደሚቆም ደረሱበት። ማምከኛው ከጄኔሬተር ጋር እንዲገናኝ፣ እናቶችም ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የኢንፌክሽን መከላከያ መድኃኒት እንዲያገኙ አስደረጉ። ዓመቱ ሳያልቅ ቁስላቸው አመርቅዞ የሚመለሱ እናቶች በእጅጉ ቀነሱ። ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

ማኅበሩን ከሁሉ በላይ የሚቆጨው፣ ሲስተር ሀጂራ ይህንኑ አሠራር በማጂ ለሚገኙ ባለሙያዎች ሊያስተምሩ ተዘጋጅተው ሳለ ሞት መቅደሙ ነው። የማጂ ባልደረቦቻችን «ሲስተር መቼ ይመጣሉ?» እያሉ በጠየቁን ቁጥር፣ «ዝናቡ ያባራ፣ መንገዱም ይድረቅ» እያልን ጉዞውን ስናራዝም ቆየን። አሁን መንገዱ ደርቋል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ጀይላን፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን እንዲሰጥልን እየለመንን፣ በዚህ ወር ወደ ማጂ የሚጓዘው ቡድን ያለ እሳቸው እንደሚነሳ በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

ማኅበሩ
ሚዛን ተፈሪ