በእናታቸው ገበታ ላይ ሐዲድ የዘረጉት የአቶ አዝመራው እንየው የሕይወት ታሪክ

አቶ አዝመራው ከአባታቸው ከአቶ እንየው ክብረትና ከእናታቸው ከወ/ሮ አምሳል አበረ በአዊ ዞን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው "ገብስ ሲታጨድ ነው" ይሉ ነበር እንጂ ቀኑን የጻፈው ሰው የለም።

ለትምህርት ሲደርሱ ዳንግላ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ሲነሱ እናታቸው እስከ መኪናው መንገድ ሸኟቸው። "ያ ባቡር የሚሉት እኛ ዘንድ መቼ ይመጣል?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "እማዬ፣ ሐዲዱ ሲደርስ በርሽ ላይ እወርዳለሁ" አሏቸው። እናታቸው ከዚያ ወዲያ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር "ሐዲዱ የት ደረሰ?" ይሉ ነበር። ሰው ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን መጠየቅ አልተዉም።

አቶ አዝመራው ወደ ጅቡቲ በሚሄደው በድሮው ባቡር ጥገና ቤት በብየዳ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት አገለገሉ። ያ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ ጠባብ ነው ሲባሉ "ጠባቡ ነው ተራራ የሚወጣው" ይሉ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ እህተማርያም ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ፍቅርአዲስን ወለዱ። እናታቸው በ1988 ዓ.ም. ሲያርፉ መርዶው የደረሳቸው ከአርባው በኋላ ነው። አፈር አላለበሱም። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውም አርፈው፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ እንጅባራ ተመልሰው ታናሽ እህታቸው ስሜነሽ ቤት ገቡ። እዚያም ትንንሽ ባቡር መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ቀጥሎ በሻንጣ ክዳን ላይ ሠሩ። ሐዲዱ የጃንጥላ ሽቦ ነው፤ በሁለቱ ሽቦ መካከል ትንሿ ጣት ብቻ ትገባለች። ከሥሩ የሚጋደመው እንጨት የቀርከሃ ስንጥር ነው። ባቡሯን የሚያስኬደው ከተሰበረ ቴፕ የወጣ ሞተርና ሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው። ባለባጃጁ መሳፍንት "ጋሼ፣ ባቡርዎ ጫግኒ ስንት ሰዓት ይገባል?" እያለ ሲቀልድባቸው፣ "አንተ መጀመሪያ ባጃጅህን ሳትገፋ አስነሳት" ይሉት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የእናታቸውን ክብ የዋንዛ ገበታ ከጓዳ አውጥተው ሐዲድ ቸነከሩበት። ስሜነሽ ያንን ገበታ ሰው እንዲነካው አትፈልግም ነበር። ወንድሟ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት በጉጠት ነቃቅላ ጣለችው። ሲመለሱ ስብርባሪውን በባርኔጣቸው ለቀሙ። አንዷን ስንዝር የምታህል ሽቦ ግን አላገኟትም፤ እሷ ደብቃት ነበርና።

እንደገና ሠሩት። መካከሉ ላይ ስባሪ መስተዋት አጋደሙ፤ ዘንገና ነው። ዙሪያውን የዛፍ ሽበት ተከሉ፤ ደኑ ነው። ሐዲዱ ሐይቁን ዞሮ ከአንዲት የሣር ቤት በር ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ተቆረጠ። በሩ ላይ ከስንደዶ የተሠራች፣ ነጭ የለበሰች ሴት ቆማለች። ባቡሯ እስከዚያች ክፍት ቦታ ትሄድና ትቆማለች። ሌላ ሽቦ ጠፍቶ አይደለም፤ ጃንጥላ ሞልቷል። የተደበቀችውን ሽቦ ስሜነሽን አልጠየቋትም፤ እሷም አልሰጠቻቸውም። አራት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ይህ እንዳይነበብ የመከሩኝ አሉ። እኔ ስሜነሽ ግን የሠራሁትን ሠርቻለሁ።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆዩ። በታኅሣሥ ሲብስባቸው ሽቦዋን አምጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። አይተው "አንቺው ምቺው" አሉኝ። ከአልጋቸው ሆነው "ቀስ፣ ቀስ፣ እንጨቱን እንዳትሰነጥቂው" እያሉ አስቸነከሩኝ። ጠምሜ መታሁት። ላስተካክል ብል "ተይው፣ የደረሰ ሐዲድ አይነቀልም" አሉ። ባቡሯ እዚያች ላይ ስትደርስ ተንቀጠቀጠች፤ ግን አለፈች። ያን ቀን ሾርባ ጠጡ።

አቶ አዝመራው በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። የአንዲት ሴት ልጅ አባትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ።

በአገራችን ወግ የሟች ፈረስ ተጭኖ በለቅሶው መካከል ይዞራል። ወንድሜ ፈረስ አልነበራቸውም። ገበታው ይዙር ስል የዕድራችን ዳኛ አቶ ይኸነው "ስሜነሽ፣ መጫወቻ በለቅሶ ላይ?" አሉኝ። ቤት አስገብቼ ባትሪ ድንጋዩን አገናኘሁላቸው። የእናታችንን ጥያቄ በልጅነታቸው ሰምተው የሳቁ ሰው ናቸው። ባቡሯ በሩ ላይ እስክትደርስ አዩ፤ ቀጥለውም ኩታቸውን አስተካክለው "በዚህ በኩል እኔ እይዛለሁ" አሉ።

አሁን በፊታችሁ የሚያልፈው ያ ገበታ ነው። ባቡሯ የምትንቀጠቀጥባትን ቦታ ማንም እንዳያቃናት። ያ የእኔ ነው።

እናታችንን ያላለበሷቸውን አፈር ዛሬ ከእሳቸው አጠገብ ለበሱ። ልጅና እናትን የማይለያይ አምላክ ነፍሳቸውን በደጁ ያውርድልን፤ ለልጃቸው ለፍቅርአዲስ፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለመላው ወዳጅ ዘመድ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

ታናሽ እህታቸው ስሜነሽ እንየው